የዐብዱልከሪም ቃል ከአሮጌው ኮምፒውተር ሲወጣ

ፈህሚያ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች ትተዳደር ነበር። ኮምፒውተሯን የገዛላት ጨርቅ ነጋዴው ባሏ ዐብዱልከሪም ነው። ዊንዶውስ 98 የተጫነበት፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ዕቃ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች አዳዲስ ሲያስገቡ እሷ የዚያንኑ አቧራ እያራገፈች ትሠራበታለች።

ዐብዱልከሪም ኩላሊቱን ታሞ ሱቁን በዘጋ ጊዜ፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። አያቱ በመተማ መንገድ በቅሎ ጭነው ሲነግዱ የት እንዳደሩ፣ ማን እንደተቀበላቸው፣ የትኛው ወንዝ ማንን እንደወሰደ ይነግራታል፤ እሷ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. እሱ ሲሞት ጽሑፉ እዚያው ውስጥ ቀረ። ልቧ እምቢ ብሏት አንድም ቀን አልከፈተችውም።

በ2001 ዓ.ም. ግን ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል ይጠፋባት ጀመር። ባሕር ዳር የምታስተምረው ልጇ ዙሌይካ ይህን ስትሰማ ፍላሽ ላከችላት። «እማዬ፣ የአባዬን ጽሑፍ ገልብጠሽ አስቀምጪልኝ» አለቻት።

ፈህሚያ ፍላሹን ብትሰካው ኮምፒውተሩ አላወቀውም። የፍሎፒ ማስገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል። ሲዲ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ጨነቃትና ፒያሳ ኮምፒውተር ወደሚያሠለጥነው ወደ አቶ ዳኛው ሄደች።

«ምነው እንዲህ ደነገጡ?» አላት።

«ሰውየው እዚያ ውስጥ ነው» አለችና አፈረች። «ማለቴ፣ ቃሉ።»

ዳኛው አልሳቀም። «ያ ኮምፒውተር ሲሠራ ፍላሽ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚያስተዋውቃቸው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ከኢንተርኔት ፈልጌ በሲዲ አመጣልዎታለሁ። እስከዚያው አይንኩት።»

ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ ሦስት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ዳኛው ሲዲውን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ድራይቨር አልሆነም። ሁለተኛውን ጭኖ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ፈህሚያ የሻሿን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትጠብቃለች። የፍላሿ መብራት ብልጭ አለች።

ዳኛው ጽሑፉን ገለበጠው። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

«በቃ?» አለች።

«በቃ።»

ቅዳሜ ዕለት ዙሌይካ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ፍላሹን ሰክተው ቢከፍቱት ገጹ ሁሉ የተዘበራረቀ ምልክት ሆነ፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ዙሌይካ ዳኛውን ጠርታ አመጣችው።

«ጽሑፉ አለ፤ ላፕቶፑ የድሮውን የአማርኛ ፊደል ፎንት ስለማያውቅ ነው» አላቸው። ፎንቱንም ከአሮጌው ኮምፒውተር በዚያው ፍላሽ ገልብጦ ላፕቶፑ ላይ ጫነው። ፊደሎቹ ተመለሱ። እሱም እናትና ልጅን ትቶ ሄደ።

ዙሌይካ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ከአይከል በማለዳ ወጣን። ኧረ ቆይ፣ የወጡት አያቴ ናቸው። ፈህሚያ፣ አትሳቂ፣ ጻፊ።»

ዙሌይካ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እሱ ሲናገር ይፈጥን ነበር» አለች ፈህሚያ። «ከአፉ የወጣውን ሁሉ ነው የጻፍኩት። ትርፉን በኋላ ላወጣው ነበር። አምጪው፣ አሁን ላጥፋው።»

ዙሌይካ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። «አንድ ፊደል እንዳትነኪ።»

ንባቡ ቀጠለ። በጽሑፉ ውስጥ አያት መተማ ሳይደርሱ የዚያን ጊዜው ሻይ ቀዘቀዘ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን መታ፤ ዐብዱልከሪም ስም ጠፍቶት ፈህሚያ አስታወሰችው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ዛሬ ጎኔ ቀለል ብሎኛል። ይህን ግን አትጻፊው» ይላል። ፈህሚያ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ዙሌይካም ማንበቧን ትታ አቀፈቻት።

በማግስቱ ሦስት ቅጂ አሳተሙ። አንዱን ለዳኛው ሰጡት። አንዱን አይከል ላለው ለዐብዱልከሪም ታናሽ ወንድም ለሱሀይብ ላኩለት። ሱሀይብ አንብቦ በስልክ ደወለ። «ሸጋ ነው፤ ነገር ግን አያቴ በቅሏቸው የሞተችባቸው እሱ ባለው ወንዝ አይደለም። ወንድሜ ተሳስቷል» አለ።

ፈህሚያ ጽሑፉን ከፈተች። የባሏን ቃል ሳትነካ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዐብዱልከሪም፣ ሱሀይብ ስለ ወንዙ ያልከውን አይቀበልም። እኔ ግን ያንተን ቃል እንዲያምን ነግሬዋለሁ።»