ቁርጭምጭሚቴን ያዳነው ሰው

በድርቁ ዘመን ቆቦ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ነበረች። ሙሉ ቀን ስረግጥ ውዬ ቤቴ ስገባ እግር እንዳለኝ እንኳ ትዝ አይለኝም። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ሲደርቅ ግን ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ገበሬው የለበሰውን አውልቆ በሚሸጥበት ገበያ አዲስ የሚያሰፋ ከየት ይመጣል?

እኔና ሚስቴ ከተጋባን ብዙ አልቆየንም፤ ልጅም ገና አልወለድንም። ዋጃ ያለ ዘመዴ የጉድጓድ እህል አለው ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ያለው ለልጆቹም የማይደርስ ነበር፤ ግን አላሳፈረኝም፣ ጥቂት ማሽላ ቋጠረልኝ። በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ተመለስኩ። ቆቦ መግቢያ ላይ ሾፌሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ እስኪቆም ሳልጠብቅ ዘለልኩ። ቀኝ እግሬ ድንጋይ ላይ አረፈና ዞረ። የደረቀ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ከገዛ ቁርጭምጭሚቴ ሲወጣ ሰማሁ። ማሽላው መንገድ ላይ ተበተነ። እኔ እየጮህኩ ሰዎች መጥተው እህሉን ይለቅሙ ጀመር። አልፈረድኩባቸውም፤ የለቀሙትን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቤቴ ድረስ ተሸክመው ያደረሱኝ እነሱው ናቸው።

ወጌሻው በሰፈራችን የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። «ቢስሚላሂ» ብለው እግሬን ጎተቱ፤ ሰማዩ ዞረብኝ። በሸምበቆ ፍልጥ አስረው፣ እሳቸው ሳይፈቱት መሬት እንዳልረግጥ አስጠነቀቁኝ። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «አብሽር፣ የወጣት አጥንት ነው፤ ይገጥማል» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ጫፍ፣ በመኪናው መንገድ ዳር ለተራቡት መጠለያ ተሠርቶ ነበር። ሚስቴ እዚያ ገንፎና አጥሚት አብሳይ ሆና ገባች። ለድካሟ ስንዴ ይሰፍሩላታል፤ ሁለታችንም የምንኖረው በሱ ነው። ጠዋት ትሄዳለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች። እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ከደጃፌ እውላለሁ።

ከደጃፌ መንገዱ ይታያል። ከደጋው የሚወርደው ሕዝብ በዚያ ያልፋል። አጥንታቸው የወጣ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ሽማግሌ የሚደግፉ። እኔ የማየው እግራቸውን ነበር። የተሰነጠቀ፣ አቧራ የለበሰ፣ ግን የሚሄድ እግር። ስንዴ በልቼ ከጥላ ሥር ተቀምጬ በነዚያ ሰዎች እግር ቀናሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ቢነግሩኝም አላምንም ነበር።

ከዚያ የባሰው ቅናት ግን በራሴ ቤት መጣ። ሚስቴ ማታ ማታ የመጠለያውን ነገር ታወራልኛለች። በመጀመሪያ ስለ ሞቱትና ስለ ተረፉት ነበር። ቀስ በቀስ ወሬዋ ሁሉ አንድ ሰው ይገባበት ጀመር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተልኮ የመጣ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት። ድሬሰሩ ውሃ ይፈላ አለ። ድሬሰሩ ሕፃናቱን በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ አብሉ አለ። ድሬሰሩ ሳይተኛ አደረ። ስሙን አትጠራም፤ «እሱ» ትላለች። «እሱ» ስትል ደግሞ ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ሻሽ አስራ መጣች። ስትፈታው ራሷን ተላጭታለች። በመጠለያው የሚፈጀው ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ድሬሰሩ ነግሯቸው፣ አብሳዮቹ በሙሉ ተላጩ። እኔ ያንን ሹሩባ ከገበያ ማዶ አይቼው ነው የታጨችልኝ። ስትሠራው እንዳልነካው እየተከላከለች የምንላፋበት ፀጉር ነበር። እኔን ሳትጠይቅ ሌላ ወንድ ላጪው ስላላት ላጨችው። ሕይወቷን ለማትረፍ መሆኑን አእምሮዬ ያውቀዋል፤ ሆዴ ግን አላወቀውም። እራቴን ስታቀርብ ፊቴን አዞርኩ። እሷም ምን ሆነሃል አላለችኝም፤ ደክሟት ነበር።

ወጌሻው መጥተው ፍልጡን ፈቱ። አጥንቱ ገጥሟል። እግሩ ግን የኔ አልመሰለኝም፤ ባቴ ከስቷል፣ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ግንድ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ሽማግሌው በቅቤ መታሸት ነበረበት አሉ፤ ቅቤ ደግሞ በዚያ ዓመት በስም ብቻ የቀረ ነገር ነው። በለብታ የጨው ውሃ እሹት ብለው፣ በዚያው ወደ ልጃቸው ዘንድ ቆላ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ሚስቴ አዳዲስ ነገር ማምጣት የጀመረችው። ነጠላዋን በውስጥ እግሬ አዙራ ሁለቱን ጫፍ ታስይዘኝና ወደ ራስህ ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ ትለኛለች። ጠጠር መሬት ላይ በትና በእግር ጣትህ ልቀም ትለኛለች። ማን አዘዘሽ ስላት ወጌሻው ናቸው፣ ሳይሄዱ ነገሩኝ አለች። አመንኩ። አንድ ቀን ግን እግሬን አንጠልጥዬ በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ ነገረችኝ፤ ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዘሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወጌሻው ቁርዓን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም። እሷም ትምህርት ቤት አልገባችም። ነጠላውን ወርውሬ ማን እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት።

«እሱ ነው» አለች ረጋ ብላ። «የወታደር ሆስፒታል ሲሠራ የተሰበረ እግር እንደዚህ ነበር የሚያፍታቱት። ከሱ እንደሆነ ብነግርህ እንደማትሠራው ስለማውቅ ነው ወጌሻው ያልኩህ።»

«በኔ እግር ምን አገባው?»

«እኔ ጠይቄው ነው። እግሩ ያንተ፣ ሥራው ያንተ። ካልፈለግህ ተወው፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ተሸክሜህ አልዘልቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊቷ አልሠራም። በሯን ዘግታ ስትወጣ ግን ነጠላውን አነሳለሁ። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ እስባለሁ፤ ጠጠሩን እለቅማለሁ፤ ፊደሉን እየጮህኩ እጽፋለሁ። ለመዳን ብዬ አልነበረም። መጠለያው ድረስ ሄጄ ያንን ሰው በዓይኔ ለማየት ነበር። ሕመሙ ሲበረታብኝ የሁለቱን ጎን ለጎን መቆም አስባለሁና እቀጥላለሁ። አንድ ፊደል ሲያቅተኝ እሱ በሚስቴ ፊት የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

በምርኩዝ መራመድ ስጀምር ወደ ደረቀው ወንዝ ወረድኩ። አሸዋው እግሬን እየዋጠ ስለሚያታግለኝ ጠነከርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሳልነግራት ተነስቼ ወደ መጠለያው ሄድኩ።

መንገዱ ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው፤ እኔ ግን እያረፍኩ ነው የደረስኩት። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ እንኳ የለም፤ አቅም የላቸውማ። ሚስቴን ከትልቁ በርሜል አጠገብ አየኋት። ድሬሰሩም ነበር። በሐሳቤ ረጅም፣ መልከ መልካም አድርጌ ስዬው ነበር። አጭር ሰው ነው፤ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። አንድ ነገር አላትና ሳቀች። ጥርሷን ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። መልኩ ምንም እንዳልሆነ ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያ ሳቅ ከመልክ ሁሉ በለጠብኝ። ምርኩዜን ጨበጥኩት።

ድሬሰሩ ዞር ሲል አየኝ። አይቶኝ አያውቅም፤ አረማመዴን ተመልክቶ ማን እንደሆንኩ አወቀ።

«ልብስ ሰፊው አንተ ነህ?» አለና በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ፣ እሱ ከፊቴ መሬት ላይ ተንበረከከ። እግሬን በሁለት እጁ ያዘ። ተረከዜን ይዞ በቀስታ አዞረው፣ ጫነው፣ የሚያመኝን ቦታ ሳልነግረው አገኘው። ከዚያ መዳፉን በውስጥ እግሬ ላይ ደግፎ፣ «ግፋኝ፤ ያለህን ጉልበት አታስቀር» አለኝ።

ያለኝን ጉልበት አላስቀረሁም። የሻሹን፣ የ«እሱ»ን፣ የሳቁን ቂም ጨምሬ ገፋሁት። ወደ ኋላው ተንጋሎ በቂጡ ተቀመጠ። ሚስቴ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ አየችን። እሱ አቧራውን አራግፎ ተነሳና፣ «ጥሩ ነው፤ ጉልበት መጥቷል። ከእንግዲህ የሚቀርህ ልክ ማወቅ ነው» አለኝ። ስለ እግሬ ይሁን ስለ ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የስፌት መኪና በእግር መርገጥ ለቁርጭምጭሚት ከመድኃኒት ይበልጣል አለኝ። መጠለያው አቡጀዲ ጣቃ መጥቶለት የሚሰፋው አልነበረም። መኪናዬን በአህያ አስጭነው አመጡልኝ። በመጀመሪያ በግራ እግሬ እየገፋሁ ቀኙን እንደ ተሳፋሪ ዝም ብዬ አስቀምጠው ነበር። ከዚያ ሁለቱም፣ ከዚያ ቀኙ ብቻውን። ለሕፃናት እጀ ጠባብ ሰፋሁ። ከእጀ ጠባቡ የሚበዛው ግን ከፈን ነበር። ከፈን ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ መርገጫው ሳይቆም ይሄዳል። እግሬ የተፍታታው በሱ ነው።

መኪናዬን ያስቀመጥኳት ሁለቱንም ከማይበት ቦታ ነው። ሙሉ ቀን አየሁ። እጅ ለእጅ ሲነካኩ አላየሁም፤ ተደብቀው ሲያወሩ አላየሁም። ያየሁት፣ ድሬሰሩ የሞተ ልጅ ዓይን ሲከድን ሚስቴ ሳይጠራት ውሃ ይዛ እንደምትደርስ፣ እሷ ስትደክም ደግሞ እሱ ምንም ሳይናገር ጭልፋውን ከእጇ እንደሚቀበላት ነው። እኔና እሷ እንደዚያ ሳንነጋገር ተግባብተን አናውቅም። ቢተቃቀፉ፣ ቢሳሳሙም እንኳ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። በዚህ ግን ምን ብዬ ልጣላ? በጠዋት መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ሲያሽልኝ አመሰግነዋለሁ። ጀርባውን ሲሰጠኝ መርገጫዬን በኃይል እረግጣለሁ።

ድሬሰሩ ተስቦው ያዘው። ስንቱን ሲያክም ቆይቶ አንድ ጠዋት ከምድጃው አጠገብ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሚስቴን አትቅረቢው፣ ይይዝሽና ታልቂያለሽ አልኳት። ያልኩት እውነት ነው፤ ያልኩበት ምክንያት ግን ሌላ እንደሆነ ታውቃለች። ከንፈሩን በጨርቅ እያረጠበች ከአጠገቡ ዋለች። ወደ ደሴ የሚመለስ የእህል መኪና ሲገኝ ጫኑት። ቤት ሮጣ ሄዳ ያለንን አንድ ጋቢ አምጥታ አለበሰችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች። ያቺ ሴት የዕለቱን ሬሳ ሁሉ ሳታለቅስ ስትሸኝ የከረመች ናት። ለሱ አለቀሰች።

ክረምቱ በወቅቱ ገባ። የዞብል ተራሮች ደመና ለበሱ፤ ወንዙ አሸዋውን እየጠረገ ወረደ። ሮቢት የሚኖሩት አባቷ ሞተው ለልቅሶ በእግራችን ተነሳን። ምርኩዝ አልያዝኩም። እሷ እንዳልደክም ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ እኔ ደግሞ እንዳታዝንልኝ እቀድማታለሁ። ፀጉሯ አጠር ብሎ በቅሏል። ስንመለስ ከመንገድ ዳር ግራር ሥር አረፍን። እዚያ ጠየቅኳት።

«ወደሽው ነበር?»

ጠይቄ ሳበቃ ልተወው ፈልጌ ነበር።

«ወድጄው ነበር» አለች። «አብሬው ልሄድ አላሰብኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሌላ ነገር ከፈለግህ የለም።»

የጠበቅኩት አልወደድኩም እንድትለኝ ነው። ወይም ደግሞ እንድገድላት የሚያደርግ ነገር እንድትነግረኝ። እሷ ግን እውነቱን ልኩን ሰጠችኝ። ተነስቼ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ መጣች። ቁርጭምጭሚቴ ማበጥ ጀምሮ ነበር፤ ሳነክስ አይታ ክንዴን ያዘችኝ። ላስለቅቃት ፈልጌ ነበር፤ አላስለቀቅኋትም። ክንዴን እንደያዘች ቆቦ ገባን።

አብረን ኖርን፤ ወለድን። ፊደሉን አልተውኩም፤ ብርድ ሲያደነድነኝ አሁንም አልጋ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ቅናቱ እንደ ስብራቱ አንድ ቀን ተፈትቶ አለቀ የምለው አይደለም። አንዳንዴ ሳይታሰብ ይቆረጥመኛል፣ ከዚያ ይሄዳል።

ከልቅሶው ጥቂት ቆይቶ፣ መኪናዬን ወደ ገበያው ከመለስኩ በኋላ፣ ከደሴ እህል የሚያመላልስ ሾፌር በረንዳዬ ላይ ሱሪ ሊያስጠግን ተቀመጠ። ድሬሰሩን የወሰደው እሱ ነበርና እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። አልሞተም፤ ድኖ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል አለኝ። ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ የኔው ትንሽ ዘገየ እንጂ።