ልጓሙን የያዘው እጅ

ባለፈው ሳምንት ከኦርሊኮን ሰፈር ወደ ቤቴ በትራም ስመለስ፣ የመጋለቢያ ቦት ጫማ ያደረገች አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠችና የፈረስ ላብ፣ የቆዳና የእርጥብ ድርቆሽ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከጄኔቭ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አባቴ በሚሠራበት የፈረሶች ጋጣ ውስጥ ቆሜ ነበር።

አባዬ በንጉሡ ጊዜ ፈረሰኛ ወታደር ነበር። ስደት ጄኔቭ ካደረሰው በኋላ የሰው ፈረስ እያጠበ፣ ፈረንሳይኛውንም ከሰው ይልቅ ከፈረሶቹ ጋር እየተለማመደ አሳደገኝ። አጭር ስለነበር ሚራ የምትባለውን ግዙፍ ቀይ ባዝራ የሚያጥባት ባልዲ ገልብጦ ላዩ ላይ ቆሞ ነው፤ እሷም ሹራቡን በጥርሷ ይዛ ከባልዲው ላይ ታወርደዋለች። ባለቤቷ አርጅተው መጋለብ ስላቆሙ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳንሸራሽራት ፈቅደውልኝ ነበር።

ብቻዬን ወደ ጫካው ከመውጣቴ በፊት ግን የአባዬን ትምህርት ሳልሰማ አልሄድም፤ የምሄድበትን መንገድ እነግረዋለሁ፣ ስልኬን ኮርቻው ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ አስራለሁ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ያችኑ ይደግምልኛል።

«ሰው ልጓሙን ከያዘብሽ አትለማመጪው። እጁን በአለንጋው እጀታ በይው፣ ባዝራይቱን አዙሪና ኋላዋን ስጪው። እንዳትወርጂ ብቻ፤ እላይዋ ላይ እስካለሽ ሁለት ናችሁ።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ስዊዘርላንድ ነው» እለዋለሁ እየሳቅኩ።

«ሰው የለበትም እንዴ?» ይለኛል።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በአንዱ ቅዳሜ፣ ባዶ የውሻ ማሰሪያ የያዘ ሰው ጠባቡ መንገድ መሃል ቆሞ አገኘሁት። ውሻዬ ጠፋብኝ ሲለኝ አንጀቴን በላውና፣ ሚራን አቁሜ ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነ ልጠይቀው ጎንበስ አልኩ። «ቡኒ ነው» አለኝና ልጓሙን ያዘ። በሌላው እጁ እግሬን ከእርካቡ አውጥቶ ቁልቁል ሲጎትተኝ፣ በሁለት እጄ ጋማዋን ጨብጬ ግማሽ ሰውነቴ አየር ላይ ቀረ። እግሬን ለቆ ከኪሱ ቢላ ሲያወጣ ኮርቻው ላይ ተመለስኩ። «ውረጂ» አለኝ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። ሚራ ደንግጣ ራሷን ስትወረውር ስለቱ አንገቷን ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ሸረከተው፤ ትኩስ ደሟ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ አባዬ የነገረኝን እጄ አስታወሰ። ልጓሙን የያዙት ጣቶች እስኪከፈቱ ድረስ አንጓዬ ላይ በተንጠለጠለው አለንጋ እጀታ ቀጠቀጥኳቸው፣ ቀጥሎ አፍንጫውን መታሁት፣ ሲሰበርም ሰማሁት። ዛቡን ስቤ በተረከዜ ስጫናት ሚራ ዞረችና በሁለት የኋላ እግሮቿ ፊቱን አለችው፤ ሰውየው ቅጠሉ ላይ ተዘረረ፣ ቢላውም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

መሸሽ እችል ነበር። አልሸሸሁም። አባዬ እስኪሞት ያልነገርኩት ይህን ነው፤ ሰውየው በክርኑ እየዳኸ ሊርቀኝ ሲሞክር፣ ባዝራይቱን መልሼ ራሱን በእጁ ሸፍኖ እስኪጠቀለል ድረስ ገረፍኩት። ደጋግሜ ገረፍኩት፣ ደስም ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ነው በሽምጥ የጋለብኩት።

አባዬ ደሙን ሲያይ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ የሚራን አንገት ዳሰሰ። ፖሊሶቹ ሰውየውን መንጋጭላው ተሰብሮ እዚያው አገኙት፣ እኔንም ጎበዝ አሉኝ።

የሚራ ቁስል ሲጠግግ አባዬ ኮርቻዋን ጭኖ «ዛሬ ካልወጣሽ መቼም አትወጪም» አለኝ። ወጣሁ። ፀሐይ ነበር፣ ጫካውም የረገፈ ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው። ከመታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ ዘንቢል ይዘው ብቅ አሉና፣ በዚያ አገር መንገደኛ ለመንገደኛ እንደሚያደርገው «ቦንዡር» ሊሉኝ እጃቸውን አነሱ። አለንጋዬ ከራሴ በላይ መነሳቱን ያወቅኩት ሽማግሌው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ መንገድ ዳር ያለው እሾህ ውስጥ ወድቀው፣ ዘንቢላቸው ተገልብጦ እንጉዳያቸው መንገዱ ላይ ሲበተን ነው። ከእሾኹ ውስጥ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። ወርጄ እንጉዳዩን ልለቅምላቸው ፈለግኩ፣ ከሚራ ላይ ለመውረድ ግን አልደፈርኩም።