የመካኒኳ መርዶ

በዚያን ጊዜ ዳንግላ እየኖርሁ እንጅባራ አስተምር ነበር። ጧት በሚኒባስ ወደ እንጅባራ፣ ማታ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ፤ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ደግሞ በጋሪ። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ግስ ሳስረባ ውዬ፣ ጉምና ብርድ ጠጥቼ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ስመለስ ሰላምታ መመለስ እንኳ ያስጠላኝ ነበር። ያ ብቻ ቢሆን ደግ። ቤት ስገባ ሁለተኛው ሥራዬ ይጠብቀኛል፤ ለአባቴ የጠፈር ጉዞ መተረክ።

አባቴ የመንገድ ሥራ መካኒክ ነበሩ። ዕድሜያቸው ያለቀው ግሬደርና ዶዘር ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። ጡረታ ሲወጡ ዲሽ አስተከልን። ከዚያ ሁሉ ጣቢያ መካከል እሳቸው የወደዱት አንድ የባሕር ማዶ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ከምድር ርቃ መንገድ የጠፋባት የአንዲት መንኮራኩር ታሪክ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ እተረጉማለሁ። ሌላው ሰው አዛዡን ያያል፣ ጦርነቱን ያያል። አባቴ የሚጠብቁት የሞተር ክፍሉን ነው። እዚያ አንዲት ፀጉሯን በጨርቅ ያሰረች አሮጊት መካኒክ ነበረች። በአንድ ክፍል ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብቅ ብትል ነው፤ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ሞተሩን ታዳምጣለች።

"ይቺ ሙያተኛ ናት" ይላሉ አባቴ። "ሞተር የሚታየው በጆሮ ነው ልጄ።" ቀጥለው ደግሞ፣ "ግን እዚያ አየር ከሌለ ሞተሩ በምን ይተነፍሳል?" ብለው ያፋጥጡኛል። እኔ ምን አውቄ።

ከዚያ የዓይን ግፊት መጣ። ባሕር ዳር አመላለስኋቸው፣ ጠብታ አንጠባጠብሁ፣ ጸበልም ሄድን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ብርሃናቸው እልም አለ። ቴሌቪዥኑን ራሳቸው በጨርቅ ሸፈኑት። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን ደግሞ የሳቸው ብቻ። ስለ ዓይናቸው አንድም ቀን አላማረሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመሬት ተነሥተው፣ "ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆና ይሆን?" አሉ።

ይቺ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። እንጅባራ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ከሚጭን ሱቅ ሄጄ የፊልሙን ቀጣይ ክፍል አስጫንሁ። ስከፍተው ምስል የለውም፤ ጥቁር ነው፣ ድምፅ ብቻ። በማግስቱ መለስሁና ባለሱቁ ላይ ጮኽሁበት። እሱ ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ሰማና፣ "አልተበላሸም፤ ሲሠራም ያለ ምስል ነው" አለኝ። ለካ የፊልሙ ሠሪዎች ለጆሮ ብቻ የሚሆን ተከታታይ ድራማ አውጥተውለት ኖሯል፤ ድሮ በሬዲዮ እንሰማው እንደነበረው ያለ። ያውም ዋናዋ ባለታሪክ ያቺ የሞተር ክፍል ሴትዮ! ከባልደረቦቿ ተለይታ፣ በአንዲት አሮጌ መንኮራኩር ጥቂት ሰዎች ጭና ወደ ምድር ለመመለስ ስትታገል። ለአባቴ ተብሎ የተሠራ የሚመስለውን ዕቃ ነበር ተበላሸ ብዬ የመለስሁት።

መጀመሪያ ስልኩን በመካከላችን አስቀምጬ፣ እያቆምሁ እየተረጎምሁ እናዳምጥ ነበር። አርባ ደቂቃ የሚሆነው አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አልቻልሁም። ስለዚህ ሚኒባስ ላይ በማዳመጫ እሰማውና ማታ እንደ ተረት እነግራቸው ጀመር፤ የሞተሩ ድምፅ ያለበትን ቦታ ብቻ ከስልኩ አሰማቸዋለሁ። እሱን ካላሰማሁ አይሆንም። ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ደፍተው፣ "አንዱ ሲሊንደር አይሠራም፤ ነገ መንኮራኩሯ ታስቸግራታለች" ይላሉ። በነጋው እውነትም ታስቸግራታለች። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ነገር ይሄ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። የከበደኝም ማወቄ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን የፈተና ወረቀት በፌስታል ተሸክሜ፣ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬ ውኃ እየተፋ ቤት ገባሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወንበሬን ወደ ወንበራቸው አስጠግተው፣ የስልኬን ቻርጀር በእጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል።

"እህ፣ ነዳጁ ደረሳት?" አሉኝ።

የዚያን ቀን አላዳመጥሁም። መንገድ ላይ ተኝቼ ነበር። ይሄንኑ ማለት ይቻላል፤ ተቆጥተውኝም አያውቁም። ግን ንዴት መጣብኝ። በሳቸው ይሁን፣ በሚኒባሱ ይሁን፣ በዚያች መድረስ በማታውቅ ሴትዮ ይሁን፣ አላውቅም።

"ሞተች አባዬ" አልሁ። "መንኮራኩሯ ተቃጠለች። አለቀ፤ ከዚህ በኋላ የለም።"

ቻርጀሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

"ማን ነበረ አጠገቧ?"

"ማንም።"

"እህ" አሉ። "ነፍስ ይማር።"

እራት አቀረብሁላቸው፤ ጥርግ አድርገው በሉ። ገረመኝ። ለመገረምም ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ ገብቼ ተኛሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሚኒባስ ላይ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ ጥዬ ያለ ሐሳብ መተኛት ቻልሁ። ወረቀቴን አረምሁ። ቤት ስገባ አባቴ "እንደምን ዋልሽ" ይሉኛል፣ እኔም "ደኅና" እላለሁ፣ በቃ። ወንበሬን ከግድግዳው ሥር ወደ ቦታው መልሰውታል። ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ይሄ ያለመጠየቃቸው ነገር እየዋለ እያደረ ይቆረቁረኝ ጀመር። ቢነጫነጩ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ወር ያህል እንዳለፈ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤት የሚወስደኝ ባለጋሪ፣ ሰፈራችን ካለው የጋሪ መቆሚያ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው፣ ፈረሱን እየነዳ ዞር ሳይል ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ያቺ መካኒክ ከበረዶው ትወጣ ይሆን ወይ?"

"የቷ መካኒክ?"

"የአባትሽ እንጂ! ትናንት ዘይቷ ረግቶባት በረዶ ላይ ቆማ ነው የተውናት። አባትሽ 'ቀሪውን ነገ' ብለው ብድግ። ሰዉ ሁሉ ተራውን እያሳለፈ ነው የሚሰማቸው።"

አባቴ ረፋድ ረፋድ ምርኩዛቸውን ይዘው ከባለጋሪዎቹ ጋር እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። ምን እንደሚያወሩ ግን ጠይቄ አላውቅም።

"እሷ እኮ ሞታለች" አልሁት።

አሁን ዞሮ አየኝ። "ኧረ በስማም በይ! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

ቤት ደርሼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ፣ "አባዬ፣ ሴትዮዋ በረዶ ውስጥ የገባችው መቼ ነው?" አልኋቸው።

ሳቅ አሉ። "ነገሩሽ? አፋቸው አያርፍም።"

"አለመሞቷን ያውቁ ነበር?"

"ቁጭ በይ" አሉኝ። ተቀመጥሁ። "እናትሽ ያረፈች ጊዜ እኔ መንገድ ሥራ ካምፕ ነበርሁ። መርዶውን ይዘው የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ማታ ደርሰው ዝም ብለው ከጎኔ አደሩ። ጧት ቁርስ አስበሉኝ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። መርዶ እንዲያ ነው። አንቺ ማታ፣ ብቻሽን፣ ቆመሽ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ፣ እራቴን ሳልበላ ነገርሽኝ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁሽም። እና በልቤ፣ ይቺ ልጅ ደክሟት ነው እንጂ ሴትዮዋስ አልሞተች አልሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ደክሞሽ ነበራ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ ውሸት ማደርም አላስፈለገው፤ ገና ከአፌ ሲወጣ ነው የታወቀብኝ። አፈርሁ። ወር ሙሉ እኔ ሚኒባስ ላይ ስተኛ፣ እሳቸው ዓይን በሌለው ራሳቸው መንኮራኩር ሲነዱ፣ የረጋ ዘይት ሲያቀልጡ፣ ሞተር ሲያስነሡ ነው የከረሙት። እኔ እንዳርፍ ብለው። አለቀስሁ፤ እሳቸውም ለቅሶዬን ሰምተው መሐረብ ሰጡኝ፣ ብዙ አላባበሉኝም።

ከዚያ ተስማማን። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እነግራቸዋለሁ፤ በመካከሉ ያለውን ራሳቸው ለባለጋሪዎቹ ይሞላሉ። አንዳንዴ የሠሪዎቹ ታሪክ ከሳቸው ጋር ይጋጫል። "ተሳስተዋል" ይላሉ፣ "ያን ያህል ጭነት ይዛ አትነሣም።" በዚህ ዓይነት ክረምቱንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም በጋ ገፋነው። ድካሜ የትም አልሄደም፤ ግን ልከኛ ሆነ።

የመጨረሻውን ክፍል የሰማሁት አንድ ዓርብ ማታ ከእንጅባራ ስመለስ ነው። ምድር ልትታይ ጥቂት ሲቀር ሞተሩ እንቢ አለ። አንድ ሰው ውስጥ ቀርቶ ቫልቩን በእጁ ይዞ ካልቆመ ሌሎቹ አይወርዱም። ማን እንደሚቀር ወዲያው ነው የገባኝ። የሰዎቹ ድምፅ ራቀ። የሷ ትንፋሽና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሞተሩም ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ ቆመ። ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ ተንሰቀሰቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ክንዴን ያዙኝና፣ "ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው?" አሉኝ።

"አዎ እናቴ" አልኋቸው። ምን ልበል ሌላ።

ቤት ስገባ አባቴ፣ "ነገ ቅዳሜ ነው፤ ደረሰች?" አሉኝ። "ነገ እነግርዎታለሁ" አልሁ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እራትም ብዙ አልበሉም።

ጧት ወተትና ቂጣ አቀረብሁላቸውና ወደ ጋሪ መቆሚያው ወጣሁ። ለባለጋሪው በጆሮው ነገርሁት። ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። ፈረሱን አሰረ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰ፣ አንድ ጓደኛውን ጠራ፣ መጡ። በሩ ላይ ሦስታችንም ጫማችንን አወለቅን።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጠው ኮቴ ይቆጥራሉ።

"ሦስት ናችሁ" አሉ።

"ሦስት ነን አባዬ። ቁርስዎን ጨረሱ?"

"ጨርሻለሁ።" ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ባለጋሪው በአንድ ጎናቸው፣ ጓደኛው በሌላው ተቀመጡ። እጃቸውን ያዝሁና ነገርኋቸው፤ ሰዎቹ መድረሳቸውን፣ ማን ውስጥ እንደቀረ፣ ቫልቩን እስከ መጨረሻው አለመልቀቋን። ባለጋሪው ቀስ ብሎ በአገውኛ አጽናናቸው። የሞተሩን ድምፅ ጠየቁኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ እስኪቆም ድረስ ሰሙት፣ ከቆመም በኋላ ብዙ ቆዩ።

"ይሄስ የውነት ነው" አሉ።

"አዎ አባዬ" አልሁ። ቁጭ ብዬ ነበር።