የየኔታ ቁስልና የእኔ ትምህርት

«ታዲያ ይኸ የምትይው ብርሃን ለእኔ እግር መቼ ይደርሳል?» አሉኝ የኔታ፣ ዛሬ ወረታ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ።

የኔታ በቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል ከክረምት ጀምሮ አልድን ብሏል። ያልዋጡት መድኃኒት የለም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ባክቴሪያዎችን ነው። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ፣ ባክቴሪያዎች በኬሚካል እንደሚነጋገሩ፣ ሲበዙም ተጠራርተው አንድ ላይ እንደሚያጠቁ ነገርኳቸው።

«ተማክረው ነዋ የሚበሉኝ!» አሉ።

እኛ ብርሃን ሲያርፍበት ቅርጹን የሚቀይር ሞለኪውል ይዘን የባክቴሪያዎቹን ንግግር ልናቋርጥ እንደምንሞክር ስጨምርላቸው ነው ያንን የብርሃን ጥያቄ የጠየቁኝ። (ፈታኞቼ እንኳ እንዲህ አጥብቀው ጠይቀውኝ አያውቁም።)

«ገና ነው የኔታ፤ ለጊዜው ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ ነው» አልኳቸው በመጨረሻ።

«በርቺ ልጄ፤ እኔ ባልደርስበት ሌላው ይደርስበታል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነርሷ ቁስሉን አጥባ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልን። ነገ ደብረ ታቦር ይዣቸው እሄዳለሁ።

ደክሞኛል። እስኪ እናንተም ንገሩኝ፤ የተማራችሁት ነገር ለምትወዱት ሰው ሳይደርስለት ሲቀር ምን አላችሁት?