ሰኞ ይመለሳል የተባለው መጽሐፍ

ቤተሰቧ ሚጣ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ ግን ስሙን ሳያማክር አደገና አሁን በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። በትልቁ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርንሺፕ አግኝታ ሰኞ ጠዋት ስትቀርብ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሽቅብ አይተዋት «ከመሰላል ተገላገልን» ነበር ያሉት።

ኃላፊዋን ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት እትዬ ሹክሹክታ ይላቸዋል። ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማ የለም። ቁጣቸው ራሱ በሹክሹክታ ስለሆነ፣ የሚቆጡት ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚሰደበው።

መጀመሪያ የሰጧት ሥራ የጠፉ መጻሕፍትን ዝርዝር በንጹሕ መገልበጥ ነበር። አንደኛ ተራ ላይ የንብ እርባታ መጽሐፍ አለ፤ ከወጣ ሃያ አንድ ዓመቱ።

«ይቺን አየሻት?» አሉ እትዬ። «እንዳንቺ ተለማማጅ ሆኜ በገባሁ በሳምንቴ፣ በገዛ እጄ ያዋስኳት የመጀመሪያዬ ናት። ሰውዬው ‹ሰኞ እመልሳታለሁ› አለኝ። ይኸው ሰኞ ሰኞ በሩን አያለሁ።»

ሚጣ የተዋሰውን ሰው ስም ስታነብ መገልበጧን አቆመች። የአባቷ ስም፣ ቀጥሎ የአያቷ። እሷ በሞላችው ቅጽ ላይ ከስሟ ኋላ የተሰለፉት ሁለቱ ስሞች እነዚያው ናቸው። እትዬ ቅጹን ገና አላዩትም፤ ዓርብ ግን ባጅ ሲጽፉላት ስም እስከ አያት ነው። ያኔ ኢንተርንሺፑን ውሃ በላው። ከዓርብ በፊት መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቢገኝስ? «ለካ መልሶት ኖሯል» ይባልና ጣጣው ያልቃል።

ማታ ቤት ገብታ፣ አንካሳውን ቁም ሳጥን ደግፎ የኖረውን መጽሐፍ ከእግሩ ሥር መዘዘችው። አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከንብ ጋር የሚያገናኘው አንዴ መነደፉ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ለምን አልመለስከውም?»

«ሰኞ ልመልስ ነበር። ሰኞ ዘነበ።»

«ሃያ አንድ ዓመት ዘነበ?»

«ከዚያማ አፈርኩ። እፍረት እንደ ሊጥ ነው ልጄ፤ ባደረ ቁጥር ኩፍ ይላል።»

ማክሰኞ በቦርሳዋ ይዛው ሄደች። በሩ ላይ ጥበቃው መዝዞ አወጣው።

«መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ጋሼ፣ ቤተ መጻሕፍት እኮ ነው።»

«ለዚያ ነዋ። ውስጥ ሞልቶ የተረፈውን ከቤት ምን አስመጣሽ?»

መጽሐፉ ከሰው ጃንጥላ ጋር በር ላይ ዋለ።

ረቡዕ ሆዷ ላይ በእናቷ ሻርፕ ጠፍራ አሰረችውና ሰፊ ቀሚስ ለበሰችበት። ጥበቃው ሊፈትሽ እጁን ዘርግቶ ሆዷን ሲያይ መለሰው። «በሰላም ይገላግልሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት አላስተዋልኩም፣ ይቅርታ።»

ሁለተኛ ፎቅ እስክትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበር አመጣች፤ እትዬ ደግሞ ወንበሩ ላይ አስቀመጧትና እንዳትነሳ አዘዙ። የንቡ መደርደሪያ አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ እሷ በዚህ ሁሉ እንክብካቤ መሃል ታስራለች።

«ወንድ ነው» አለ የፎቶ ኮፒው ልጅ ትኩር ብሎ እያየ። «የወንድ ሆድ ሹል ነው።»

«ምኑ ነው ሹል?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «አራት ማዕዘን ነው እንጂ።»

ከምሳ በኋላ ሚጣ ቆርጣ ተነሳች። እትዬ ሮጠው ክንዷን ያዙና «ቀስ በይ እንጂ የኔ ልጅ» ሲሏት ሻርፑ ላላ። ያ መጽሐፍ ጸጥ ባለው ማንበቢያ አዳራሽ ወለል ላይ እንደ ተገነጠለ በር ወደቀ። አርባ አንባቢ ቀና አለ።

«ወለደች» አለ የፎቶ ኮፒው ልጅ።

እትዬ ጎንበስ ብለው አነሱት። ገለጡት። በወጣትነት እጃቸው የጻፉትን ቀን አዩት። ከዚያ በሃያ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው፦

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ሚጣ እስከ አያቷ ተናገረች። እትዬ ሽፋኑ ላይ የተሰረጎደውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄስ?»

«የቁም ሳጥን እግር ነው፣ እትዬ።»

መጽሐፉን ዘግተው ብብታቸው ሥር ያዙት። «ከዚህ ቤት መጽሐፍ ደብቆ ሲያወጣ የያዝኩት ሰው ቁጥር የለውም» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ሹክሹክታቸው ተመልሰው። «ደብቆ ሲያስገባ የያዝኩት ግን አንቺን ብቻ ነው።» ዝርዝሩን አንስተው አቀበሏት። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ይቀራል። ያፈረ ሰው መጽሐፍ የት እንደሚሸሽግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለኝም። ከነገ ጀምሮ ቤት ለቤት ነሽ። ባጅሽን ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ፤ ባዶ ደረትሽን ማን በሩን ይከፍትልሻል?»

ማታ አባቷ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«አባረረችሽ?»

«የሌሎቹንም አምጪ አሉኝ።»

ዝርዝሩን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ፤ ጣቱን ቁልቁል እየነዳ ሄዶ አሥራ አራተኛው ላይ አቆመ።

«ይሄ ሰውዬ እኮ ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው» አለ። «ስታንኳኪ ለመጽሐፍ ነው እንዳትይው፣ በጓሮ ይወጣል። ጓሮውን እኔ እይዛለሁ።»