ቀኙ የረዘመ ካባ

በኢሉባቦር ምድር በአንድ ጊዜ አሥር ሺህ ሰው ያሳቀ ከእኔ በቀር አልተወለደም። ሳቁ የሶርን ወንዝ ተሻግሮ ጎሬ ድረስ ተሰምቷል። ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የነበሩ ሰዎች ንብ የተነሣ መስሏቸው ከዛፍ ላይ ዘለዋል ይባላል። ይባላል ስል እኔ ነኝ የምለው። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ አዳራሹ ቢጨናነቅ ሁለት መቶ ሰው ቢይዝ ነው፣ ያውም ሕፃናቱ ጭን ላይ ተቀምጠው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ካባው ነው። ሰሞኑን ሣጥን ስበረብር እጄ ገባ። ከቀበሌ አዳራሽ አሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ቀይ ከፋይ ነው። አፍንጫዬን ብቀብርበት ከናፍታሊኑ ሥር ያ ሽታ አለ፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ የከሰል ካውያ ሽታ። ስንት ዓመት አለፈ፣ ሽታው ግን እንደ ግትር እንግዳ ቁጭ ብሏል።

ሽታው የልብስ ሰፊያችን ነው። በጎልማሳነታቸው መርፌና መቀስ ይዘው ከጉራጌ አገር መቱ መጡ፣ በዚያው ቀሩ። ሱቃቸው ገበያው መግቢያ ላይ ነበር። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ ይቀላቅሉታል። የግራ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጥር ነበር። ሲራመዱ መጀመሪያ ግራ ትከሻቸው ይወርዳል፣ ቀኙ ይነሣል፣ ከዚያ አንገታቸው ብቅ ይላል። ከሩቅ ስታያቸው ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ይመስሉሃል።

እኔ ደግሞ ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። አገሬው አባ ኮልፋ ይለኛል፣ የሳቅ አባት ማለት ነው። ሙያዬ የሰው አካሄድ ነበር። መቱ ውስጥ በወሬ ማሳቅ አይቻልማ! ያ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ቀልድ የሚኒስትር ንግግር አይሰማም። ስለዚህ የመቱ ቀልደኛ የሚቀልደው በእግሩ ነው። የፖስታ ቤቱን ሰው አካሄድ እችላለሁ፣ የአዋላጇን እችላለሁ፣ ዋናው ግን የልብስ ሰፊው ነበር። በገበያ ቀን ከኋላ ከኋላቸው ስከተል ከሁሩሙ ማር ጭነው የመጡ ሰዎች ማራቸውን ለዝንብ ትተው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እሳቸው ዞር ሲሉ እኔ ቀጥ።

"ምን ያስቃችኋል?" ይላሉ።

"ኑሮ ነው ጋሼ" እላለሁ።

ዛሬ ልጆቼ "አባዬ፣ እንዲህ ያለው አይቀለድም" ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኛ ዘመን ግን እንደ ልብ ይቀለድ ነበር ብለህ እንዳታስብ። ያኔም አይቀለድም ይባል ነበር፤ የማይቀለድበት ነገር ሌላ ነበር እንጂ።

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ለውድድር ተዘጋጀ፣ ከበላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለ። እያንዳንዷ ቀልድ በቅድሚያ በካድሬው ፊት ማለፍ ነበረባት። ካድሬው ቀጭን ሰው ነበር፤ ካኪ ይለብሳል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሰው ቀልድ ሲሰማ ጥርሱን ያወጣል፤ እሱ እስክሪብቶውን ያወጣል። የልብስ ሰፊውን አካሄድ ሳሳየው ቡድኑ በሙሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እሱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፣

"ጓድ፣ ይህ ሰው መደቡ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ልብስ ሰፊ ነዋ።"

"ሠርቶ አደር ነው። በሠርቶ አደር እግር አይሳቅም።"

አንዲት ደህና ቀልድ ነበረችኝ፣ እሷም ሄደች ብዬ ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም። አየኝና ትንሽ አሰበ።

"ፊውዳል እናድርገው። የፊውዳል እግር ይሳቅበታል።"

በቃ። ያው እግር፣ ያው ትከሻ፣ ያው አንገት፣ ካባ ይደረብበትና ትክክለኛ ቀልድ ይሆናል። እኔማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቤቴ የደረስኩት እየዘለልኩ ነው፣ ያውም በዳገቱ በኩል።

ካባውን ማን ይስፋ? ያን የሚያህል ከፋይ የሚደፍር ሰው ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። መጋረጃውን ተሸክሜ ሄድኩ።

ለልኬት የሄድኩ ቀን ዝናቡ ይወርዳል። ሱቁ ጨለም ብሎ የካውያው ፍም ብቻ ይቀላል። "ኮቱ አባ ኮልፋ፣ ኮቱ፣ ግባ" አሉኝ። ካባውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ከንፈራቸው መካከል ስፒል ደርድረው ይዘዋል።

"እስቲ ተራመድ።"

ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

"ጌታው የሚሄዱት እንደዚህ ነው እንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። "ከተማው ሌላ ነው የሚለኝ። ልብሱ እንዲስማማ እንደምትሄደው ሂድ።"

ሄድኩ። ከስፌት መኪናው እስከ በሩ፣ ምን ታህል ነች! ከዚያ የረዘመ መንገድ ግን በሕይወቴ አልሄድኩም። ግራ ትከሻዬ ወረደ፣ ቀኙ ተነሣ። አንገቴን ማውጣቱን ተውኩት።

"አንገትህስ?" አሉ።

አወጣሁ።

ተንበርክከው የካባውን ጫፍ ያዙ። "ግራህ ሲወርድ ቀኙ ወደ ላይ ይሸሻል። በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር እለቅለታለሁ። የኔም ካፖርት እንደዚሁ ነው።" ሰኩት። ጨረሱ ብዬ ስጠብቅ አልተነሡም። ጫፉን እንደያዙ፣

"ልጄ" አሉኝ፣ "በእግሬ ሳቅ። እኔም አንዳንዴ በመስታወት ሳየው ያስቀኛል። መሬት ግን አትስጠኝ።"

"የምን መሬት ጋሼ?"

"ፊውዳል አይደል የምትሆነው? እኔ አንድ ክንድ መሬት ኖሮኝ አያውቅም። ይህን እግር ደግሞ መቱ በሙሉ ያውቀዋል። አንተ ካባ አልብሰህ መድረክ ላይ ስታወጣው፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ማን ልሆን ነው?"

ወላፈኑ ፊቴ ላይ መጣ፤ ከካውያው ይሁን ከኀፍረቴ አላውቅም። ጊዜውን አስበው። አንድ ሰው ፊውዳል የሚል ስም ከወጣለት ሱቁ ይታሸግበታል፣ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ይባልና መመለሻው አይታወቅም። እሳቸው ሚስት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ እግር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ካድሬውን አናግረዋለሁ ጋሼ። አስቀረዋለሁ።"

አናገርኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። "ጸድቋል" አለ። "የጸደቀ ቀልድ የአብዮቱ ንብረት ነው። የግልህ አይደለም።"

ቅዳሜ ካባውን ልወስድ ስሄድ ልብስ ሰፊው "ምን አለ?" አሉኝ።

"ጸድቋል አለ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የረጠበውን ጨርቅ ካባው ላይ ዘረጉ፣ ካውያውን አሳረፉ፣ አላነሡትም። እንፋሎቱ ፊታቸውን እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ቆየ። ልብሱ ተቃጠለ ብዬ ስሠጋ አነሡትና አጣጥፈው ሰጡኝ። "በደህና ልበሰው" አሉኝ፣ ለሙሽራ እንደሚባለው።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ልብስ ሰፊው አልባሳቱን ስለሰፉ የፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው። ገምጋሚዎቹ ከጎናቸው ናቸው። ቆርቆሮው ይንኳኳል። ካድሬው ከመድረኩ ጥግ ሆኖ እንዳልረሳ በጣቱ የገዛ ግራ ትከሻውን መታ መታ ያደርግልኛል።

ወጣሁ። ቀጥ ብዬ። ግራ ትከሻዬ አልወረደም። ሰዉ ይጠብቃል፣ እኔ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። አንዱ ከኋላ "ትከሻ! አባ ኮልፋ፣ ትከሻ!" ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ቀና ብለው አዩኝ። ያንን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ውሃ ሲወስደው የነበረ ሰው ድንገት እግሩ መሬት ሲነካለት ፊቱ እንዲያ የሚሆን ይመስለኛል።

ችግሩ ካባው ነው። ለሚያነክስ ሰው የተለካ ካባ ቀጥ ብሎ የሚሄድን ሰው አያውቅም። ያ የተለቀቀው ስንዝር ወለሉን እየጠረገ መጣና ቀኝ እግሬ ሥር ገባ። ረገጥኩት። ከመድረኩ ጫፍ በግንባሬ ተወርውሬ ልብስ ሰፊው እግር ሥር ተዘረጋሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግርህ እያጋነንኩ አይደለም፦ ዝናቡ አልተሰማም። የመቱ ዝናብ በሰው ሳቅ ሲሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ከብብቴ ሥር ገብተው አነሡኝ። "ቀኙን ያረዘምኩት እኔ ነኝ፣ ወይ ልጄን!" ይላሉ፣ ይስቃሉ። ቁርጭምጭሚቴ ዞሯል። ከአዳራሹ ተደጋግፈን ወጣን፣ እሳቸው በግራ እያነከሱ፣ እኔ በቀኝ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል።

አንደኛው ገምጋሚ ተነሥቶ "የፊውዳሉ ሥርዓት አወዳደቅ ያለ አንዲት ቃል እንዲህ ሲገለጽ አይተን አናውቅም" አለ። ካድሬው መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ክረምቱን በሙሉ አነከስኩ። ገበያ ስወጣ ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው ይከተሉኛል። ዞር እላለሁ፣ ሁሉም ቀጥ። "ምን ያስቃችኋል?" ስላቸው ሱቃቸው በር ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊ ቀድመው ይመልሱልኛል፦ "ኑሮ ነው ጋሼ!"

ደርግም ሄደ፣ ካድሬውም ወዴት እንደገባ አልታወቀም። ልብስ ሰፊው ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ይህን ካባ በፌስታል ይዛ ወጥታ ሰጠችኝ። ለካስ የቀበሌው ዕቃ ሲሸጥ ገዝተው አስቀምጠውት ኖሯል። ድንኳኑ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት "አባታችን 'ይህ ሰው እኔን ላለማዋረድ ብሎ አገር ፊት ወደቀ' እያለ ሲነግረን ነው ያደግነው" አለችና ትከሻዬን ሳመች። እነዚያ ሁሉ ለቀስተኞች ዞረው አዩኝ። እኔም እንደ ትሑት ሰው አንገቴን ደፋሁ።

አሁን ካባውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ቀኙ አሁንም አንድ ስንዝር ይረዝማል። ለአንተ ልናገረው መሰለኝ። ያን ቀን ካድሬውን ፈርቼ ላነክስ ወስኜ ነበር የወጣሁት። መጋረጃው እኔ ላይ ተሰፍቶ ስላለቀ መድረኩ መሸሸጊያ አልነበረውም። ያን ሁሉ ዓይን ሳይ እንኳን የሳቸው አካሄድ የራሴም ጠፋኝ። ማነከሱን ረሳሁት፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም። እኔ መድረክ እፈራለሁ።