በልጄ እግር ላይ ያሰርሁት ሰዓት

ባትሪ የሌለው የእጅ ሰዓት ቢቆም ይበላሻል? እኔ እስካሁን መልሱን አላወቅሁም።

አማቴ መሪጌታ ናቸው። ለፍልሰታ ሱባኤ ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለ ገዳም ሲሄዱ ሰዓታቸውን ሰጡኝ። «አደራ ልጄ፣ እጅ ላይ ሲወዛወዝ ነው የሚሠራው» አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥሁት በሦስተኛው ቀን ቆመ። ደንግጬ ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ሰዓት ሠሪ ሮጥሁ። ነቅነቅ ሲያደርገው ተነሣ።

«ቆሞ ከሰነበተ ዘይቱ ይደርቃል። ያለው ሰው ሰዓቱን የሚያዞር ሳጥን ይገዛለታል» አለኝ።

እኔ ሳጥን ከየት አባቴ ላምጣ? እጄ ላይ እንዳላስረው ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ውኃ ይገባዋል። ሲጨንቀኝ ሲራገጥ በሚውለው ሕፃን ልጄ እግር ላይ፣ ከካልሲው በላይ አሰርሁት። ሲተኛ ደግሞ እንዳይቆም ብዬ እግሩን ይዤ ቀስ እያልሁ እወዘውዘው ነበር።

አማቴ ተመልሰው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እኔ እኮ ታምሜ ስተኛ ስንት ጊዜ ቆሟል። ነቅነቅ አድርጌ አስነሣዋለሁ» ብለው ሰዓታቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ልጄ ግን አሁን እግሩን ካልወዘወዙለት አይተኛም፤ ገና እጄን ሳነሣ ይነቃል። በምን ላስተወው? የምታውቁ እናቶች እባካችሁ ምከሩኝ።